የድንጋዩ ደባል

ቡራዩ፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሚንሃ፤ አላህ ከባሕሩም ከባሕሩ ሰዎችም ይጠብቅሽ። እኔ አክስትሽ ራቢአ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

ስልክ አልደውልልሽም፤ አንቺም አትደውይልኝ። በስልክ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን እጁ ይታያል። በስተርጅናዬ ፊደል የቆጠርኩት ለጌጥ አይደለም። ይህን የሚያመጣልሽ ኢብሮ ነው፤ ያ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሹፌር። ጫት ባየበት ሁሉ ስለሚቆም፣ ሲደርስ ይደርስልሻል።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ሥራሽ ምን እንደሆነ ነገርሽኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ሳህሉ፣ ላሞች ያሉት ጎረቤታችን፣ «አካም ራቢአ፣ ያቺ ልጅሽ ጅቡቲ ምን ትሠራለች?» አለኝ። «ባሕር ውስጥ እየገባች ድንጋይ ታያለች» አልኩት። «ድንጋይ ቡራዩ ጠፍቶ ነው?» አለና እስኪያስለው ሳቀ። እናትሽ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሐኪም ልትሆኚ ነው ብላ ነው የሞተችው። እኔም ከእሷ ጋር ሆኜ ያሳደግኩሽ ለድንጋይ አይደለም።

እዚህ አዲስ ነገር የለም። ሱቁ እንዳለ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካንና ባልዲ ይሸጥልኛል። ከኋላ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያው ተስፋነሽ አለች፤ ያቺ ከወላይታ የመጣችው፣ የሳሙና ፋብሪካዋ። ማለዳ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ሮቶውን ትሞላለች፤ ለዚያ ብዬ ነው ኪራይ የማልጨምርባት። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ መሆኗን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሷም አትረሳውም። ሽታዋ ሳሙና፣ ድምፅዋ መዝሙር ነው።

ድሪያ ላኪልኝ። ቀይ እንዳይሆን።

አክስትሽ ራቢአ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለራቢአ፤ በዚህ በተባረከ ወር ጾምዎን አላህ ይቀበልልዎ፤ ጉልበትዎንም ያጽናልዎ። እኔ ደህና ነኝ።

አክስቴ፣ የማየው ነገር ኮራል ይባላል፤ ድንጋይ አይደለም። ድንጋይ የሚመስለው አጥንቱ ነው። በላዩ ላይ የለበሰው ሥጋ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ አፍ ያላቸው እልፍ እንስሶች ተያይዘው ነው የሚኖሩት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። ሮቶው ሥር አረንጓዴ ሆኖ የሚለጠፈውን ያስታውሳሉ? የዚያ የሩቅ ዘመድ በሉት። ደባል ነው። ኮራሉ ቤት ይሰጠዋል፤ እሱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር እየሠራ ባለቤቱን ይመግበዋል። ኮራሉ ከሚኖርበት ምግብ አብዛኛው ከደባሉ የሚገኝ ነው። ያ ሰው ሁሉ የሚደነቅበት ቀለሙም በአብዛኛው የደባሉ ነው።

እኔ የማጠናው ባሕሩ ሲሞቅ ሁለቱ ምን እንደሚሆኑ ነው።

ድሪያውን ለኢብሮ ሰጥቼዋለሁ። ለተስፋነሽ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ስለ ውሃው ጻፉልኝ፤ ኢብሮ ቡራዩ ውስጥ ችግሩ ብሷል አለኝ።

ልጅዎ ሚንሃ


ቡራዩ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሚንሃ፤ ዒድሽ የተባረከ ይሁን፤ ብቻሽን በልተሽው ከሆነም አላህ ያጥግብሽ።

ድሪያው ደረሰኝ። ቀይ ነው።

ስኳር የሚከፍል ደባል! ይህን ለኦቦ ሳህሉ አልነገርኩትም፤ ሳቁ ላሞቹን ያስበረግጋል። መንግሥት አስተምሮሽ፣ የውጭ ሰው ቀጥሮሽ፣ ያገኘሽው ዕውቀት ይኸው ነው? ደባል ምን እንደሆነ እኔን ብትጠይቂኝ ባሕር ሳትገቢ በነገርኩሽ።

ደባል ማለት እንዲህ ነው። ገፈርሳ ግድብ አጠገብ እየኖርን ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ ካለ ትልቅ ነገር ነው። ተስፋነሽ ጎህ ሲቀድ ቦኖ ተሰልፋ ትቀዳለች፤ መቅዳቷን አልክድም። ማታ ደግሞ የፋብሪካ ልብሷን ታጥብበታለች። ፀጉሯን ትታጠባለች። እግሯን ትታጠባለች! እግር የሚታጠብ ሰው በዚህ ድርቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ስለዚህ ሮቶውን ቁልፍ ገጠምኩለት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ማለዳ ልትሞላ ስትፈልግ መጥታ ትጠይቀኛለች፣ ሞልታ ትመልሳለች። «እማማ፣ ውሃው እንዳያመልጥ ነው?» አለችኝ እየሳቀች። በነገር ሁሉ ትስቃለች።

ረመዳን ሾርባዬን የሠራችልኝ ያው እሷ ናት። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ጨው አልቀምስም፤ እሷ ትቀምስልኛለች። ጴንጤ ደባል ያላት ሙስሊም ሾርባዋ አይበላሽም፤ ጥቅሟ ይህ ብቻ ነው።

ሌላ ድሪያ አትላኪ። ቀለም አታውቂም።

ራቢአ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለራቢአ፤ ሰላምታዬ በጤናና በዝናብ መካከል ይድረስዎ።

ስለ ድሪያው ይቅርታ፤ ሱቁ ውስጥ በመብራት ሳየው ቡናማ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ሙቀቱ ከጊዜው ቀድሞ መጣ። ባሕሩ ከለመደው በአንድ ዲግሪ ከፍ ብሏል። አንድ ዲግሪ ለእኔና ለእርስዎ ምንም አይደለም፤ ለኮራል ግን ትኩሳት ነው። ጣቢያችን ውስጥ ገንዳዎች አሉን፤ የኮራል ቁራጮች በገመድ አንጠልጥዬ ውሃውን ቀስ በቀስ አሞቃለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ሙቀትና ብርሃን ሲበዛበት የአልጌው ሥራ ይዛባል። ስኳር ይሠራበት የነበረው ጓዳ መርዝ ያወጣል። ሲመግበው የኖረ ደባል መርዝ ይሆንበታል፤ ኮራሉም ያስወጣዋል። ትናንት በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ከአፉ እንደ ቡናማ ክር እየሆነ ሲወጣ። ሥራዬ ነው ብዬ ጻፍኩት እንጂ አላስደሰተኝም።

የሮቶውን ቁልፍ ቢያወልቁላት ደስ ይለኛል። ውሃው መጣ?

ሚንሃ


ቡራዩ፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሚንሃ፤ አላህ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ተስፋነሽን አስወጣኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማለዳ ቁልፉን ሰጥቻት ሱቅ ሄድኩ። ረፋዱ ላይ ጀሪካን ጎደለኝና ልወስድ ብመለስ የኦቦ ሳህሉ ሠራተኛ ከእኔ ግቢ ውሃ ተሸክሞ ይወጣል።

«ለማን ነው የሰጠሽው?» አልኳት።

«ለኦቦ ሳህሉ ላም። ትናንት ወልዳ ውሃ አጥታ ነው፣ እማማ።»

«ላሟ ባለቤት የላትም?»

«ነገ ሁለት ጀሪካን እጨምርበታለሁ።»

«ሮቶው የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ውሃውስ?»

ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ብትጮህብኝ በተሻለ። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ «ሀ» እና «ሐ»ን ስታስለየኝ እንደነበረው ነው የተናገረችው።

ገባሁና ያንቺን ደብዳቤ አወጣሁ። ደጃፏ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «ሲመግበው የኖረ ደባል መርዝ ይሆንበታል፤ ኮራሉም ያስወጣዋል።» «ይህን የጻፈችው የተማረች የእህቴ ልጅ ናት፤ ድንጋይ እንኳ ያውቅበታል» አልኳት። ሰምታ ጨረሰችና «እማማ፣ እንዲህ ሳይደናቀፉ ሲያነቡ ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። ንቀት ይሉሻል ይህ ነው! በዚያው ሳምንት ፍራሿን ጠቅልላ ወጣች። ቁልፉን በሁለት እጇ ነው የመለሰችልኝ።

አሁን ግቢው ፀጥ ብሏል። መዝሙር የለም። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ የእኔ ነው።

ራቢአ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለራቢአ፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

የኢብሮ መኪና ሚሌ ላይ ተበላሽታ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው።

አክስቴ፣ እኔ የጻፍኩት ስለ ኮራል ነበር። ፈትዋ አልሰጠሁም። አንዲት ሴት በእኔ ቃል ከቤት ስትወጣ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁና ምሳዬን መብላት አቃተኝ። እናቴ የሞተች ሳምንት እኔን አቅፋ ያስተኛችኝ እሷ ናት፤ እርስዎ ሐዘንተኛ ይቀበሉ ነበር።

እርስዎ ያነበቡላት ግማሹን ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ግማሹን ነበር የጻፍኩት። ቀሪው ይኸውልዎ። ኮራሉ ደባሉን አስወጣ ብሎ አይድንም። ነጭ ይሆናል። ሥጋው ብርሃን ስለሚያሳልፍ አጥንቱ ነው ወደ ውጭ የሚታየው። ያየው ሰው ሞተ ይላል። አልሞተም፤ ተርቧል። ባሕሩ ቶሎ ቀዝቅዞ ደባሎቹ ከተመለሱለት ይድናል። ከዘገዩበት ይሞታል፣ ከዚያ የማይረባ ሌላ አልጌ ይለብሰዋል። ምን ያህል እንደሚቆይ እንደ ዘሩና እንዳጠራቀመው ስብ ነው።

ውጭ ያለው ባሕር አሁን ገንዳዬን መስሏል። ማሞቂያ አያስፈልገኝም። ጥላ ይረዳቸዋልና በላያቸው መረብ ዘርግተንላቸዋል።

የት ነው የሄደችው?

ሚንሃ


ቡራዩ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሚንሃ፤ ቁጣሽ በሰላም ደርሶኛል።

ለድንጋይ ጥላ! የእኔ ቤት ቆርቆሮ ሳሎኑ መሐል ያንጠባጥባል፤ ክረምቱን ባልዲ ከዚህ ወደዚያ ስገፋ ነው የከረምኩት። ለድንጋይ ጥላ የሚዘረጋ ሰው እኔን ሊገሥጽ ተነሣ። አክስትሽ ነጭ አልሆነችም፤ እንደ ጥንቷ ጠይም ናት፤ አትስጊ።

ቤቷን አከራይቻታለሁ። ቢንያም ይባላል፤ ባንክ ነው የሚሠራው። ክራቫት ያስራል። ወሩ ሲገባ ኪራዩን በስልክ ይልካል፤ ድምፁን አልሰማም። ውሃ አይቀዳም፤ የታሸገ እየገዛ ይጠጣል፤ ልብሱን ላውንደሪ ይሰጣል። ከእኔ ሮቶ አንድ ጣሳ አይነካም። ደባል ማለት እሱ ነው፤ የሚከፍል፣ የማይስቅ።

ሰኞን ጾሜ ሾርባ ሠራሁ። ጨው በዛበት። ደፋሁት።

የት ሄደች ላልሽው፣ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታለች አሉ። ጠይቄ አይደለም። ኦቦ ሳህሉ ሳልጠይቀው ነገረኝ። የዚያች ላም ወተት ሲያመጣልኝ ነው የነገረኝ፤ ወተቱንም መለስኩለት።

ራቢአ


ጅቡቲ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለራቢአ፤ አዲሱ ዓመት ጉልበትዎን ያሳርፍልዎ። ስለ ቁጣዬ ይቅር በሉኝ፤ ስለ ተስፋነሽ ግን ቃሌ ያው ነው።

መረቡ ሥር ካሉት ግማሽ ያህሉ ሞቱ። የቀሩት ነጭ እንደሆኑ አሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ ላይ በዚህ ሳምንት እንደ ማድያት ቡናማ ነጠብጣብ ማየት ጀመርኩ። ደባሎቹ እየተመለሱ ነው። ሕፃን እንደተወለደለት ሰው ብቻዬን ሳቅኩ።

ስለ ቢንያም የጻፉትን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ በጣም ወደዱት። እንዲህ ያለ አልጌም አለና ነው። ሙቀት ይችላል፣ አይወጣም፣ አይመርዝም። አንዳንድ ኮራል የቀድሞውን ካጣ በኋላ እሱን ያስገባል። ነገር ግን ስስታም ነው፤ የሠራውን ስኳር አብዛኛውን ለራሱ ያስቀራል። ኮራሉ ይኖራል፤ አያድግም ማለት ይቻላል።

ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አክስትሽን ገንዳ ውስጥ ከተትሽ ይሉኛል።

ሚንሃ


ቡራዩ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚንሃ፤ አላህ ያንቺንም የድንጋዮችሽንም ዕድሜ ያርዝም፤ ብዙ የምታስቢው ለእነሱ ነውና።

እኔን ለፈረንጅ መሳቂያ ማድረግሽን ሰምቻለሁ። ቆይ ትመጫለሽ።

ጥቅምት እንደገባ ወደቅኩ። ሮቶው ሥር ነው፤ ያ የባሕር ዘመድ አለው ያልሽው አረንጓዴ ነገር አዳለጠኝ። ለካ በየሳምንቱ ይፋቅ ነበር። ማን እንደሚፍቀው አስቤ አላውቅም። ሮቶው ደግሞ ባዶ ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ያቺው የጣራ ውሃም ቀረች። «ቢንያም!» ብዬ ተጣራሁ። በመስኮቱ ይታየኛል፤ ጆሮው ላይ ያንን ነጭ ነገር ሰክቶ ከስልኩ ጋር ይስቃል። ይስቃል ለካ! ቆይቶ ኦቦ ሳህሉ ሰማኝና «ካኢ፣ ካኢ!» እያለ አነሣኝ። ወተቱን የመለስኩበት ሰውዬ። እያነሣኝ «ራቢአ፣ ኩራትሽ ከላሜ ይከብዳል» አለኝ። ማታ ለቢንያም ስነግረው «ማዘር፣ ደውለው አይነግሩኝም ነበር?» ብሎኝ እርፍ። ወድቄ ልደውልለት! እሱም ሱሉልታ ቅርንጫፍ ተዛውሬያለሁ ብሎ በሳምንቱ ወጣ። ክራቫቱን ይዞ ሄደ፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር እንኳ አልቀረለትም።

ቤቷን ስጠርግ ከበሩ ኋላ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አገኘሁ። የተስፋነሽ ናቸው አልኩ። የሰው ንብረት ቤቴ እንዲያድር አልፈልግም። ሌላ ምክንያት እንዳትፈልጊለት። ጀሪካኖቹን ይዤ በአየር ጤና ዞሬ ሰበታ ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት «ማዘር፣ ጀሪካኖቹ ወንበር ይዘዋል፤ ሂሳብ አላቸው» ይለኛል። «አንተ ራስህ ባዶ ጀሪካን ነህ፤ ከፍለህ ነው የምትሄደው?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ረዳቱም የእኔን ብቻ ሂሳብ ተቀበለ።

ፋብሪካው በር ላይ ፈረቃ ሲለቀቅ ቆምኩ። ልጃገረዶቹ እንደ ጉንዳን ይወጣሉ፤ ሁሉም ላይ ብናኝ ጥጥ ተነስንሶባቸው ፀጉራቸው ነጭ ነው። እሷ ናት ያየችኝ። «እማማ!» ብላ ጮኸች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ክፍሏ ወሰደችኝ። ከሦስት ሴቶች ጋር ደባል ናት፤ አራት ፍራሽ፣ አንድ መስኮት።

«ጀሪካንሽን ረስተሽ ነው» አልኳት።

አገላብጣ አየቻቸው። «እማማ፣ እነዚህ እኮ የሱቅዎ ናቸው። እኔ የራሴን ይዤ ነው የወጣሁት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ምን እላለሁ? ስድሳ ዓመት አልፎኝ የራሴን ጀሪካን ሳላውቀው ሰበታ ድረስ ተሸክሜ! «ውሃ ስጪኝ፣ ደክሞኛል» አልኩ። ሰጠችኝ። እየጠጣሁ ሳለ ስወድቅ የተላጠውን ጉልበቴን አየችና «ማን ፋቀልዎት ሮቶውን?» አለች። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ አወጣሁና ፍራሿ ላይ ጣልኩት፤ ስሰጣት እንዳይመስል።

«ቤቷ ባዶ ናት» አልኩ።

ቁልፉን አነሣችው፣ አየችው። የሳቀች ቢሆን በተገላገልኩ። አልሳቀችም። «ላስብበት፣ እማማ» አለችኝ፤ ያው ቀስ ብላ።

ታስብበት! የሚያስብ ደባል አመጣችልኝ። ሴቶቹ ያዳምጣሉ፣ እሷ ታስባለች፣ እኔ ሁለት ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ። ቁልፉን ግን አልመለሰችልኝም። ሮቶው አሁን ክፍት ነው።

ትናንት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ቤቷን ልትከራይ መጣች፤ ጥሩ ልብስ የለበሰች፣ የማትስቅ። «ተይዟል» አልኳት። ኦቦ ሳህሉ በአጥሩ ሰምቶኛል፤ ወተት አመጣ። ተቀበልኩት። ሾርባ አልሠራሁም፤ የሚቀምሰው የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰኔ ላይ የጻፍሽውን መልሼ መላልሼ አየሁት፤ «እንደ ዘሩና እንዳጠራቀመው ስብ» ብለሽ አለፍሽው። ይህ መልስ አይደለም። ያ ነጭ የሆነው ድንጋይሽ፣ ደባሉ እስኪመለስለት የሚቆየው ሳምንት ነው ወይስ ወር? በቅጡ ጠይቂና ንገሪኝ። ኢብሮ በሦስት ቀን ይደርሳል ብሏል፤ ለመመለስ ግን ጫቱም አለ፣ መኪናዋም አለች።

ደብዳቤ አትጻፊ። ደውይልኝ።

ራቢአ